እርሾውን ለተፎካካሪ፣ ፋብሪካውን ለሳይንስ



የቤተሰብ ንግድ ያለው ሰው ዕድሜው ሲገፋ የሚያስጨንቀው ወራሽ ነው። የዴንማርክ ቢራ ጠማቂዎች የሆኑት ያኮብሰኖች ይህን ጭንቀት የፈቱበትን መንገድ ላጫውታችሁ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክሪስተን ያኮብሰን ከዩትላንድ ኮፐንሃገን ገብቶ በቢራ ጠመቃ ኑሮውን መሠረተ። በ1835 ሲሞት ልጁ ያኮብ ሥራውን ተረከበ። ያኮብ በአባቱ ልማድ ብቻ የሚረካ ሰው አልነበረም። በ1845 ሙኒክ ወርዶ ከሽፓተን ጠመቃ ቤት እርሾ አገኘ፤ በቆርቆሮ ዕቃ ይዞም በሠረገላ ተመለሰ። ሙቀት እንዳይገድልበት ሠረገላው በቆመ ቁጥር ዕቃው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈስ ነበር። በ1847 ቫልቢ ላይ አዲስ ፋብሪካ አቋቁሞ በልጁ በካርል ስም ካርልስበርግ አለው።

ፋብሪካው በስሙ የተሰየመለት ልጅ አድጎ የአባቱ ተቀናቃኝ ሆነ። አባት ቢራው በቅዝቃዜ ረጅም ጊዜ ተኝቶ ይብሰል ይላል፤ ልጅ ደግሞ ቶሎ ይውጣ፣ በብዛት ይሸጥ ባይ ነው። ካርል በ1882 ከአባቱ አጠገብ የራሱን ፋብሪካ ከፈተ። የሚያዋስናቸውን መንገድ እንኳ ሁለቱ በየፊናቸው ስም አውጥተውለት የየራሳቸውን ታፔላ ተከሉ።

በ1883 የአባት ቢራ ተበላሸ። ያኮብ ከስምንት ዓመት በፊት ያቋቋመው ቤተ ሙከራ ባልደረባ ኤሚል ክርስቲያን ሀንሰን መንስኤው የዱር እርሾ መሆኑን ደረሰበት፤ ከአንዲት ሕዋስ የተራባ ንጹሕ እርሾም አዘጋጀ። ያኮብ ግን ግኝቱን ቆልፎ አላስቀመጠም፤ ለሌሎች ጠማቂዎች በነፃ አደለ። የአሲድነት መለኪያው ፒኤችም በ1909 የወጣው ከዚሁ ቤተ ሙከራ ነው።

ትልቁ ውሳኔ ግን የውርሱ ነው። ያኮብ በ1876 ፋውንዴሽን መሥርቶ አመራሩን የዴንማርክ የሳይንስ አካዳሚ ከአባላቱ መካከል እንዲመርጥ አደረገ፤ ፋብሪካውንም ተናዘዘለት። በ1886 ከልጁ ጋር ታረቀ፤ በዓመቱ ሮም ላይ አረፈ። ፋብሪካው ያልደረሰው ካርልም በ1902 የራሱን ፋብሪካ ለዚያው ፋውንዴሽን ሰጠ፤ በ1906 ሁለቱ ፋብሪካዎች አንድ ሆኑ።

አባትና ልጅ በጠመቃው አልተስማሙም፤ በፋውንዴሽኑ ደንብ ግን ተገናኙ። ስለዚህ የቤተሰብ ንግድ ያላችሁ ሁሉ፣ ወራሹን ከመምረጣችሁ በፊት ሥራው የሚተዳደርበትን ደንብ በሕይወት ሳላችሁ ጻፉ።