በሥራው ላይ ስለ ቀረ ሰው ኀዘን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ከሥራው ስለ ተሰናበተ ሰው ችግር ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ሊነገርም ይገባል። ዛሬ ግን ባልንጀሮቹ ተሰናብተው እርሱ በሥራው ላይ ስለ ቀረ ሰው እንነጋገራለን። ይህ ሰው ደመወዙን ይቀበላል፤ ልጆቹም አልተራቡም፤ ስለዚህ አዘንሁ ቢል የሚሰማው የለም። እርሱ ራሱም ለማዘን የተገባው አይመስለውም።

በ2014 ዓ.ም. ከትንሣኤ በኋላ፣ ጕልበቴን ስለሚያመኝ፣ ወደ ሶደሬ ፍል ውሃ ወርጄ ነበር። ስፍራው ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ዳር ያለ፣ ሕመምተኛውም ጤነኛውም አብሮ የሚታጠብበት ነው። ከውሃው ወጥቼ በዛፍ ጥላ ሥር ስቀመጥ፣ በአጠገቤ አንድ ጎልማሳ ዳቦ ይዞ ሳይበላ ወንዙን ይመለከት ነበር። በዚያ አገር ጦጣ ሰው አይፈራምና፣ አንዲቱ ከዛፍ ወርዳ ዳቦውን ከእጁ ነጠቀችው። በዙሪያው ያሉት ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እርሱ ግን አልሳቀም፤ አላባረራትምም። «ትብላው መምሬ፤ ለእኔ አይገባኝም» አለኝ።

የነገረኝን ለእናንተ ስነግር ማንም አይደንግጥ፤ በንስሐ የተሰማ ነገር ከካህን አፍ አይወጣም። ይህ በጥላ ሥር የተደረገ ጭውውት ነው፤ ለሌላው ይጠቅም እንደ ሆነ ይንገሩት ብሎ ራሱ ፈቅዶልኛል።

ሰውየው በአዳማ በአንድ የልብስ ፋብሪካ ጨርቅ ቆራጭ ነበር። «አጎዋ» በሚባለው የአሜሪካ ሕግ አገራችን ልብስ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ትልክበት የነበረው ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ሲቋረጥ፣ ከውጭ ልብስ የሚያዝዙት ነጋዴዎች ራቁ። በሐዋሳም በሌላውም የኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ሺህ ሠራተኞች፣ ይልቁንም ወጣት ሴቶች፣ እንጀራቸውን አጡ። ከዚህ ሰው ፋብሪካ ከወጡት አንዱ እርሱ ራሱ ከአርሲ ጠርቶ ያመጣው አብሮ አደጉ ነበር። ሁለቱም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይቈርጡ ነበር፤ በሙያም አይበላለጡም፤ እርሱ ግን በሰባት ወር ይቀድመዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 በቅነሳ ጊዜ የተሻለ ሙያና የሥራ ውጤት ያለው እንዲቀር፣ በዚህ እኩል ቢሆኑ ግን አስቀድሞ የአገልግሎቱ ዘመን ያነሰው እንዲወጣ ያዝዛል። እንግዲህ ሰባት ወር አንዱን አስቀርታ ሌላውን አስወጣች። «ና ያልሁት እኔ፤ የቀረሁትም እኔ» ይል ነበር።

ጓደኛው በገበያ ሸክም መሸከም ጀመረ። ይህም ሰው በጓደኛው ደጅ እንዳያልፍ፣ ደመወዝ በተቀበለ ቀን በሌላ መንገድ ዞሮ ቤቱ ይገባል። በፋብሪካው ውስጥ ሥራ የፈቱት የስፌት መኪናዎች ጨርቅ ለብሰው ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው ሲያልፍ ሬሳ በተገነዘበት ቤት የሚያልፍ ይመስለዋል። መቍረጫውን ሲያነሣ እጁ ይዝላል፤ እስኪመሽ ድረስ ሰዓት ይቈጥራል። «ንስሐ ልግባ መምሬ፤ ቀኖና ይስጡኝ» አለኝ።

«ምን አድርገህ? ለአለቃ አሳጥተኸው ነበርን?»

«የለም።»

«እንግዲያስ የምሰጥህ ቀኖና የለኝም» አልሁት። ፊቱ ጠቈረ። መቶ ስግደት ባዝዘው ደስ ባለው ነበር፤ ብዙ ሰው ወዳጁን ዓይን ለዓይን ከማየት ስግደት ይቀለዋልና።

ምእመናን ሆይ፤ ኃጢአት ፈቃድን ይሻል። ባልንጀራውን በሐሰት አሳጥቶ በሥራው ላይ የቀረ ሰው ቢኖር፣ እርሱ ንስሐ ይግባ፤ ያጠፋውንም ስም ባጠፋበት ሰው ፊት ይመልስ። ይህ ግን እንዲያ አይደለም። የኢዮብን መልእክተኞች አስቡ። አራቱም፣ እያንዳንዳቸው ባልንጀሮቻቸው አልቀው ብቻቸውን አምልጠው መጡ። ኢዮብ ልብሱን ቀደደ፤ ራሱን ተላጨ፤ ነገር ግን ከአራቱ አንዱን እንኳ አንተ ስለ ምን ተረፍህ ብሎ አልጠየቀም። ልጆቹን ያጣ አባት ያልጠየቀውን እኛ ራሳችንን ስለ ምን እንጠይቃለን?

ቀጥዬም ሰው ወደሚታጠብበት ውሃ እያመለከትሁ፣ በዐቢይ ጾም በአራተኛው ሰንበት የምንሰማውን የመጻጕዕን ነገር አነሣሁለት። በቤተ ሳይዳ ውሃው ሲናወጥ ቀድሞ የገባ ይድን ነበር፤ የቀረው ይቀራል። በዚያ 38 ዓመት የታመመ ሰው ተኝቶ ነበር። ጌታችን ሊድን ይወድ እንደ ሆነ ሲጠይቀው፣ አስቀድሞ የተናገረው ወደ ውሃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው። ቀድሞ የዳነው መዳኑ በደል አልነበረም። ነገር ግን ድነው ከወጡት ተመልሶ እጁን የያዘለት አንድ እንኳ እንዳልነበረ ከንግግሩ እናስተውላለን።

«ልጄ፤» አልሁት፤ «ፋብሪካው ሥራውን ወሰደበት፤ አንተ ደግሞ በሌላ መንገድ እየዞርህ ወዳጁን ወሰድህበት። ቀኖና ከፈለግህ ይኸውልህ፤ በሚቀጥለው ደመወዝ በደጁ እለፍ። በመጀመሪያው ቀን ገንዘብ አትስጠው፤ ምጽዋት እንደ ሰጠኸው ቈጥሮ ያፍራል። ቡና ይዘህ ግባና አብረህ ጠጣ።»

ስለ እጁ መዛልም ጠየቀኝ። በስንፍና የሚያሳልፈው ቀን ለጓደኛው ቍራሽ እንጀራ እንደማይሆነው፣ ይልቁንም ጨርቁ ተበላሽቶ ያለችውም ትእዛዝ ብትቀር ደግሞ ሌላ ሰው እንደሚወጣ ነገርሁት። ይህን ስናገር ተግሣጼ እንዳይከብደው ፈራሁ፤ ኀዘን ያዛለው እጅ በአንድ ቀን አይበረታም። ስለዚህ የቀኑን ሥራ ሁሉ ተወውና ከፊትህ ያለውን አንዱን ንጣፍ ብቻ አስተካክለህ ቍረጥ፤ ከዚያ በኋላ ሁለተኛውን ታያለህ አልሁት።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ወደ ቤተ ክርስቲያን መጣ። ወደ ጓደኛው ሄዶ ነበር። ሰውየው በሩን ከፍቶ ባየው ጊዜ ተቈጣ፤ ይሁን እንጂ ስለ ሰባቱ ወር ቀዳሚነት አንዳች አላነሣም፤ የተቈጣው ሳይጠይቀው ስለ ቈየባቸው ወራት ነበር። ከዚያ ተቀመጡ፤ ቡናውም ተፈላ። ጓደኛው እስከዚያ ቀን ድረስ ወደ ፋብሪካ ሥራ አልተመለሰም፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ሁለቱ አብረው በየድርጅቱ በር ማስታወቂያ ያነብባሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።