የእንቢታው ደብዳቤና የገንዘቡ ደብዳቤ

(በማኅበራችን የአፕሪል ወር ስብሰባ ላይ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የቀረበ ንግግር)



የፕሮግራም ኮሚቴው ስለ ኮሌጅ እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ በመካከላችን ማስተርስ ያላቸው እኅቶች እያሉ እኔ በዲፕሎማ የሒሳብ ሥራ የምሠራ ሰው ምን እጨምራለሁ ብዬ ነበር። «ደብዳቤዎቹን የምታያቸው አንቺ ነሽ» አሉኝ። እውነት ነው። የታክስ ሰሞን ስለሆነ፣ ከማርች መጨረሻ ጀምሮ የደመወዝ ወረቀቷን ይዛ የምትመጣ እናት ሥራችንን ስንጨርስ ከቦርሳዋ ሌላ ወረቀት ታወጣለች፤ ወይም ስልኳን ከፍታ «እስቲ ይቺን አንብቢልኝ» ትላለች። ዘንድሮ ካነበብኳቸው ብዙዎቹ «እናዝናለን» የሚሉ ናቸው። ከእነሱ ልጀምር፤ ወደ ገንዘቡ ቀጥሎ እመጣለሁ።

አንዲት እናት ደብዳቤውን ሰጥታኝ ያለችው ሁለት ቃል ነው፤ «ልጄ ወደቀች»። ቃሉ ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ታላላቆቻችን በማትሪክ ተለዩ፤ የእኔ እኩዮች ደግሞ በአሥረኛ ክፍል ፈተና። መቁረጫ ነጥብ ነበር፤ ከሱ በላይ ያለው አለፈ፣ በታች ያለው ወደቀ። እኔም ዲፕሎማ የተማርኩት በዚያ ነጥብ ተመድቤ ነው። ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ለቅሶ የተቀመጠም ቤት ነበር። ያንን ለምደን መጥተን፣ የአሜሪካ ኮሌጅ «አልተቀበልንሽም» ሲል በዚያው ጆሮ እንሰማዋለን።

እዚህ አገር ግን መራጭ የሚባሉት የግል ኮሌጆች መቁረጫ ነጥብ የላቸውም። ያላቸው የተቆጠረ ወንበር ነው። ዊልያምስ፣ አምኸርስት፣ ስዋርዝሞርና ፖሞና ከ100 አመልካቾች ከ10 ያነሱትን ነው የሚቀበሉት። አምኸርስት በዓመት የሚያስገባው 500 ገደማ አዲስ ተማሪ ነው፤ የሚያመለክተው ከ10 ሺህ በላይ። እንግዲህ ከዚያ 500 ላይ ቀንሱ። ትልቅ ድርሻው «ኧርሊ ዲሲዥን» በሚባለው መንገድ፣ ከተቀበላችሁኝ የግድ እመጣለሁ ብለው በኖቬምበር ፈርመው ባመለከቱ ልጆች ዲሴምበር ላይ ይያዛል። አሠልጣኞች ለቡድናቸው የሚፈልጓቸው አሉ። በአንዳንድ ኮሌጆች የቀድሞ ተማሪዎች ልጆች ቅድሚያ ያገኛሉ፤ አምኸርስት ይህን የተወው በ2021 ነው። የእኛ ልጆች በማርች የሚጠብቁት ከዚህ የተረፈውን ነው፤ አብረዋቸው የተሰለፉት ሺዎችም ሁሉንም ኤ ያመጡ ናቸው። ኮሌጁ ለምን እንዳልተቀበላት አይነግራትም፤ ብትደውሉም አይነግራችሁም። ምክንያት ስላልተሰጣት ልጅቷ ራሷ ትፈጥርለታለች፤ የምትፈጥረው ደግሞ ሁልጊዜ በራሷ ላይ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት የእኛ ሥራ ጥቂት ነው፤ ግን ይከብዳል። «እኮ ድርሰቱን ቀድመሽ ጻፊ ብዬሽ ነበር» አለማለት። የእገሌን ልጅ ስም አለመጥራት። ለአክስት፣ ለክርስትና እናት፣ ለቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ማን ምን እንደሚነግር ልጅቷን መጠየቅና እሷ እንዳለችው ማድረግ። ሠርግ አዳራሽ ውስጥ «የት ገባች?» የሚለው ጥያቄ ከእኛ አፍ እንደሚወጣ እናውቃለን፤ ሌላው ቢቀር እስከ ሜይ ድረስ ብንይዘው። ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያለቅሱት ለኮሌጁ አይደለም። አንዷ «እማዬ ሁለት ሥራ የሠራችው ለዚህ ነበር» ብላ ነው ያለቀሰችው፤ እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ።

ተጠባባቂ፣ ማለትም «ዌይትሊስት»፣ የተባሉም አሉ። ይህ ግማሽ እሺታ ይመስላል፤ አትመኑት። ልጅቷ አሁንም እፈልጋችኋለሁ የምትል አንድ አጭር ደብዳቤ ትጻፍ፤ ከዚያ ለተቀበላት ኮሌጅ እስከ ሜይ 1 ቀብዱ ይከፈል። ተጠባባቂነቱ ከተሳካ ቀብዱ ይቀራል እንጂ ሌላ ኪሳራ የለውም።

አሁን ወደተቀበሉት እንሂድ። ዘንድሮ ከመጡልኝ የእሺታ ደብዳቤዎች መካከል እናቶቹ ስማቸውን ሰምተው የማያውቋቸው «ሊበራል አርትስ» ኮሌጆች ይገኙበታል። «ሃዋርድን አውቃለሁ፣ ጆርጅታውንን አውቃለሁ፤ ይሄ ሃቨርፎርድ የሚሉት ምንድን ነው?» ብላኛለች አንዷ። እነዚህ ትንንሽ ኮሌጆች ናቸው፤ ዊልያምስ በጠቅላላው 2 ሺህ ያህል ተማሪ ነው ያለው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ሃይስኩል አለ። የሚያስተምሩት በዋናነት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ነው፤ ስለዚህ ክፍል የሚገባው ፕሮፌሰሩ ራሱ ነው። ባዮሎጂም ኬሚስትሪም ይማራሉ፤ ሕክምና የምትፈልግ ልጅ ከዚያ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ታመለክታለች። ነርሲንግ የምትል ከሆነች ግን አብዛኞቹ የላቸውም፤ ሌላ ቦታ ትሂድ። የእኔን ሙያም በአብዛኞቹ አታገኙትም፤ ኢኮኖሚክስ ነው ያላቸው። ቅር ብሎኛል።

በውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን ይለያያል። አምኸርስት ለሁሉም የግድ የሆነ የኮርስ ዝርዝር የለውም፤ ምን እንደምትፈልግ ለምታውቅ ልጅ ደስ ይላል፣ ገና ለምትደናበር ግን ሰፊ ሜዳ ነው። ዊልያምስ ሁለት ተማሪዎች ከአንድ መምህር ጋር ብቻቸውን ተቀምጠው የሚከራከሩበት «ቱቶሪያል» የሚባል ትምህርት አለው፤ ዝምተኛዋ ልጃችሁ የምትደበቅበት ወንበር የለም፤ ይህ ሊያወጣትም ሊያስጨንቃትም ይችላል። ቦታው ተራራ ውስጥ ነው፣ በረዶው ብዙ ነው፣ ባቡር አይደርስም። ስዋርዝሞር ፊላደልፊያ አጠገብ ነው፤ የከተማው ባቡር ግቢው ድረስ ይደርሳል፣ ምህንድስናም ያስተምራል። ለእኛ ሰው የመጨረሻው ነገር ትንሽ አይደለም፤ ፊላደልፊያ እንጀራም የሀበሻ ቤተ ክርስቲያንም አለ፣ ከዚህም በግማሽ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል። በኖቬምበር ብርዱ ሲገባ የሚከፋት ልጅ ካለቻችሁ የመንገዱን ርቀት ከስሙ በፊት አስሉ።

የሴቶች ብቻ የሆኑትን ስጠቅስ አንዳንዶቻችሁ ትስቃላችሁ፤ «ገዳም ነው እንዴ?» ትላላችሁ። ሜሪ ላየን ማውንት ሆልዮክን ያቋቋመችው በ1837 ነው፤ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለሴት በራቸውን ዘግተው በነበረበት ዘመን። ሂላሪ ክሊንተንም ማድሊን ኦልብራይትም ዌልስሊ ነው የተማሩት። ስሚዝ የምህንድስና ዲግሪ በራሱ የሰጠ የመጀመሪያው የአገሪቱ የሴቶች ኮሌጅ ነው። ስሚዝ፣ ማውንት ሆልዮክና አምኸርስት ተስማምተው ተማሪዎቻቸው እርስ በርስ ኮርስ ይወስዳሉ፤ በአውቶቡስ ይመላለሳሉ። ከአምኸርስት እንቢታ ደርሷት ከማውንት ሆልዮክ እሺታ ያገኘች ልጅ አምኸርስት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ መማር ትችላለች ማለት ነው። ይህንን ስነግራት ፊቷ የተለወጠ ልጅ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ደብዳቤ፣ ወደ ገንዘቡ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሙያዬ ነው፣ ቤት የሚያፈርሰውም ይሄኛው ደብዳቤ ነው።

ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። አንዱ ኮሌጅ የዓመቱ ወጪ 90 ሺህ ዶላር ይላል። ከታች 62 ሺህ ስጦታ፣ 5 ሺህ 500 የተማሪ ብድር፣ 2 ሺህ 500 «ወርክ ስተዲ»፣ 20 ሺህ «ፓረንት ፕላስ»፤ ድምሩ 90 ሺህ፤ ቀሪ ዜሮ። እናት ዜሮውን አይታ እልል ትላለች። እኔ በእርሳስ የምሰርዘው ከስጦታው በታች ያለውን ሁሉ ነው። ብድር እርዳታ አይደለም። ወርክ ስተዲ ልጅቷ ሠርታ የምታገኘው ደመወዝ ነው። ፓረንት ፕላስ በእናትየዋ ስም የሚመዘገብ፣ ወለዱ ከወጣበት ቀን የሚቆጥር ዕዳ ነው፤ ሲሰጧችሁ ደግሞ የክሬዲት ታሪካችሁን እንጂ መክፈል መቻላችሁን አያዩም። ስለዚህ የዚህ ኮሌጅ እውነተኛ ዋጋ 28 ሺህ ነው። ሁለተኛው ኮሌጅ 86 ሺህ ወጪ፣ 71 ሺህ ስጦታ፤ እውነተኛ ዋጋው 15 ሺህ። የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ 32 ሺህ ወጪ፣ 14 ሺህ ስጦታ፤ 18 ሺህ። በወረቀት ርካሹ የስቴቱ ነበር፤ በእርሳስ ሲታይ ሁለተኛው ሆነ። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት በአራት ዓመት 52 ሺህ ዶላር ነው፤ ልጅቷ ልትሄድ የፈለገችው ግን አንደኛው ጋ፣ ስሙ የታወቀ ስለሆነ። ይህ ልዩነት የአንዲት የጽዳት ሠራተኛ የጡረታ ቁጠባ ነው።

ኮሌጆቹ በዚህም ይለያያሉ። አምኸርስትና ስዋርዝሞር በሚሰጡት እርዳታ ውስጥ ብድር አያስገቡም፤ ስሚዝም ከ2022 ጀምሮ አስቀርቷል። ዊልያምስ በዚያው ዓመት ወርክ ስተዲውንም ጭምር አውጥቶ ሁሉንም በስጦታ ተክቷል። ኬንታኪ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ከ1892 ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ ተማሪው ሁሉ በግቢው ውስጥ ይሠራል። ልጃችሁ ገና አሥራ አንደኛ ክፍል ከሆነች፣ የፌዴራል እርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ የራሳችሁን ዋጋ የሚገምት ማስያ ድረ ገጹ ላይ ማስቀመጥ በሕግ ግዴታው ነው፤ «ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር» ይባላል። ከማመልከቷ በፊት ቁጭ ብላችሁ ሙሉት።

ስለ ዕቁብ በየጊዜው ስለምጠየቅ አንድ ነገር ልበል። ፋፍሳ በባንክ ያለውን ገንዘብ ሲጠይቅ የሚያየው ቅጹን የሞላችሁበትን ቀን ነው። ዕቁብ በወጣላችሁ ማግስት ከሞላችሁ፣ ገና ለሌሎች የምትከፍሉት ገንዘብ እንደ ሀብታችሁ ይቆጠራል። መደበቅ የለም። ግን ሲኤስኤስ ፕሮፋይል በሚባለው ሌላው ቅጽ ላይ የተለየ ሁኔታ የሚገለጽበት ቦታ አለ፤ ዕቁብ ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚቀራችሁ፣ ለቤተሰብ በየወሩ የምትልኩትንም እዚያ ጻፉ። ሥራ የቀነሰባችሁ ወይም የታመማችሁ ደግሞ ማስረጃ አያይዛችሁ ለኮሌጁ የእርዳታ ክፍል እንደገና እንዲያየው ጠይቁ። ይህ ልመና አይደለም፤ ቢሮው የተከፈተበት ሥራ ነው።

ሁሉም እንቢ ያሏት ወይም ዋጋው ያልተቻለላትስ? ሞንትጎመሪ ኮሌጅ አጠገባችን ነው። ቨርጂኒያ ላላችሁ ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከስቴቱ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ውል አለው፤ የተጠየቀውን ውጤት ያመጣ ይገባል። አምኸርስት ራሱ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚዛወሩ ተማሪዎችን ይቀበላል። እናንተም አላችሁ። ስሚዝ በትምህርት ዕድሜያቸው ላልተማሩ ሴቶች «ኤዳ ኮምስቶክ» የሚባል ፕሮግራም ከ1975 ጀምሮ አለው፤ ማውንት ሆልዮክም «ፍራንሲስ ፐርኪንስ» የሚል አለው። ልጅ አሳድጋ፣ ሠርታ፣ በአርባ ዓመቷ የምትገባ ሴት እዚያ እንግዳ አይደለችም። ማመልከቻውን እኔም አውርጃለሁ፤ ሌላ ጊዜ እነግራችኋለሁ።

የመጨረሻው ጉዳዬ ከራሳችን የትምህርት ድጋፍ ሣጥን ጋር የተያያዘ ነው፤ ደጋፊዎቻችን በተለይ ስሙኝ። ደንባችን ገንዘቡን የሚሰጠው የአራት ዓመት ኮሌጅ ለገባች ልጅ ብቻ ነው፤ ስሟም በዓመቱ በዓል ላይ ይጠራል። ሁለት ችግር ይታየኛል። አንደኛ፣ ሙሉ ፍላጎትን እንሸፍናለን የሚሉ ኮሌጆች ልጅቷ ከውጭ ስኮላርሺፕ ስታመጣ የራሳቸውን ስጦታ ሊቀንሱ ይችላሉ። እኛ 1 ሺህ ዶላር ስንሰጥ ያ 1 ሺህ ለልጅቷ ሳይሆን ለኮሌጁ ሊቀር ይችላል። ሜሪላንድ የመንግሥት ኮሌጆች እንዲህ እንዳያደርጉ በ2017 በሕግ ገድባለች፤ ከስቴቶች የመጀመሪያዋ ናት፤ ሕጉ ግን ማሳቹሴትስ ያለን የግል ኮሌጅ አይነካም። ሁለተኛ፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የገባችው ልጅ መጽሐፍና መጓጓዣ ከኪሷ ትከፍላለች፤ በበዓሉም ቀን እናቷ ስሟ እንደማይጠራ ስለምታውቅ ትቀራለች። አምና የቀሩትን ታውቋቸዋላችሁ።

ስለዚህ ደንቡ እንዲሻሻል ሐሳቤን በጽሑፍ ለሥራ አስፈጻሚው ሰጥቻለሁ። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚጀምሩ ልጆችና ትምህርት የሚቀጥሉ አባላት እንዲካተቱ፤ ከመክፈላችን በፊት ልጅቷ ኮሌጇን «ይህ ገንዘብ ከስጦታዬ ይቀነሳል ወይ?» ብላ በጽሑፍ ጠይቃ መልሱን እንድታመጣ፤ በበዓሉም የሁሉም ስም እንዲጠራ። በሜይ ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል፤ ቅጂው ሻይ ጠረጴዛው ላይ አለ። የእርዳታ ደብዳቤ የያዛችሁ ከስብሰባው በኋላ ከኋላ በኩል እቀመጣለሁ። ሁሉንም ገጽ ይዛችሁ ኑ፤ ልጆቹንም አምጡ፤ እርሳስ እኔ አለኝ።