የልደት ቀን ምትሃት

አቅራቢ 1፦ ልደት ላይ ምትሃት ላሳይ የሚል ሰው ቀድሞ የሚያነሳው ካርታ ነው። እኔ ካርታውን ይተወው ባይ ነኝ።

አቅራቢ 2፦ ለምን? ትልልቆቹ እኮ ይወዱታል።

አቅራቢ 1፦ ንጉሡንና ንግሥቷን ያልለየ የአምስት ዓመት ልጅ፣ ካርታው ቢለወጥ ምኑ ይደንቀዋል? ከኋላ ለተቀመጡት አያትም ቁጥሩ አይታያቸውም። ገመድ ተቆርጦ ሲቀጠል ግን ሁሉም ያየዋል።

አቅራቢ 2፦ የእኔ ምርጫ የሦስቱ ኩባያና የኳሶቹ ምትሃት ነው። ሮማዊው ሴኔካ እንኳ ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት በደብዳቤው ጠቅሶታል። ኩባያው ሲነሳ ኳስ ይጠበቃል፤ ሎሚ ይወጣል! ትንሹ በሳቅ ይፈርሳል፣ ትልቁ ሎሚው መቼ እንደገባ ሲያሰላስል ያመሻል።

አቅራቢ 1፦ አቀማመጡም ይታሰብበት። ልጆች ከፊት ምንጣፍ ላይ፣ ትልልቆች ከኋላ፤ አሳዪው ጀርባውን ለግድግዳ ይስጥ። ከጎን የተቀመጠ ልጅ ምስጢሩን ያያል፣ ያየውን ደግሞ ጮክ ብሎ ይናገራል።

አቅራቢ 2፦ ለእርዳታ የወጣን ልጅ ማሳፈር ግን ፈጽሞ አይገባም። እሱ እፍ ሲል ነገሩ ይሁን፤ ጭብጨባውም የእሱ ይሁን። ሰዓቱስ?

አቅራቢ 1፦ ሃያ ደቂቃ ይበቃል፣ ያውም ኬኩ ሳይቆረስ። ከኬክ በኋላ ልጆችን የሚያስቀምጥ የለም።