ልጆቻችንና የእጅ ስልክ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነበበ)



የዛሬው ጉዳይ ለአፍ ይከብዳል። ዝም ብንል ግን የሚጠቀመው አጥቂው ነው።

ልጅን በስልክ አጥምዶ የሚያባልግ ሰው ምን ዓይነት ነው? አውሬ መሳይ ይመስለናል። ዴቪድ ፊንክልሆር የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር በ1984 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት ግን አጥቂው 4 ደረጃ ያልፋል። መጀመሪያ ክፉ ምኞቱ አለ። ቀጥሎ «ምን ጎዳኋት፣ እሷም ወዳለች» እያለ ኅሊናውን ያስተኛል። ሦስተኛ ከጠባቂ ዓይን ያመልጣል። በመጨረሻ የልጁን እምቢታ በስጦታ፣ በማባበል ወይም በማስፈራራት ይሰብራል።

በክልላችንም ታይቷል። በወሎ፣ በጃሪ የሕፃናት መንደር ልጆችን ያጠቃው እንግሊዛዊ የታመነ ኃላፊ ነበር፤ በ2003 እ.ኤ.አ. 9 ዓመት ተፈረደበት። የዛሬው አጥቂ ደግሞ በር ማንኳኳት አያሻውም፤ በስልክ ይገባል።

የሰውየውን ልብ አንደርስበትም። ሦስተኛው ደረጃ ግን እኛው ነን። ስለሆነም፦

ልጃችን ከማን ጋር እንደሚጻጻፍ እንጠይቅ። ማታ ስልኩ እኛ ዘንድ ይደር። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» የሚልን ሰው እንጠርጥር። ፎቶ ልኮ የደነገጠ ልጅ ሲመጣ አንቆጣ፤ አጥቂው የሚተማመነው በቁጣችን ነው። መልእክቱን ሳናጠፋ ለፖሊስ እናመልክት፤ አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይህን በወንጀል ይቀጣል።

የማኅበሩ ጸሐፊ