«ከተማውን ቀይ ቀባ»፤ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ የተደረገ ንግግር



በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ እንድንናገር ዕድል ስለ ተሰጠን ደስ ብሎናል። ርእሳችን አንድ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ነው። እንግሊዞች ሰው ሲጠጣና ሲጨፍር አምሽቶ ዓለሙን የቀጨ እንደ ሆነ «ከተማውን ቀይ ቀባ» ይሉታል።

ይህን አነጋገር በክፍል ውስጥ መጀመሪያ ስንሰማ ሳቅን። ነቀምት በክረምት በቀይ ጭቃ፣ በበጋም በቀይ አቧራ ትቀባለች፤ ጊምቢና ደምቢ ዶሎም እንደዚሁ ናቸው። ለዚህ ሥራ ሰካራም አያስፈልገንም ተባባልን።

ኋላ ግን ምንጩን ፈለግን። ብዙዎች የሚናገሩት ታሪክ እንዲህ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ኤፕሪል 6 ቀን 1837 ዓ.ም. የዋተርፎርድ ማርኪስ የተባለ የአየርላንድ ባላባት ከወዳጆቹ ጋር ከፈረስ እሽቅድምድም ሲመለስ፣ ሜልተን ሞውብሬይ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ሰክረው ሌሊቱን አወኩ። ቀይ ቀለም አግኝተው የኬላውን በር፣ የሰዎችን ቤት ደጃፍ፣ የመጠጥ ቤቱንም ምልክት ቀቡ። ሊያስቆሟቸው የመጡትንም ዘበኞች ቀቧቸው። በሚቀጥለው ዓመት ፍርድ ቤት እያንዳንዳቸውን 100 ፓውንድ ቀጣቸው።

ድርጊቱ እውነት ነው። ፈሊጡ ከዚያ መወለዱ ግን ያጠራጥራል፤ በጽሑፍ የታየው ከ40 ዓመት በላይ ቈይቶ በ1880ዎቹ፣ ያውም በአሜሪካ ነውና። ከዚህ ሁለት ነገር ተማርን። አንደኛ፣ ጣፋጭ ታሪክ ሁሉ የቃል ምንጭ አይሆንም፤ ዘመኑን መመርመር ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የቀቢው ስም እስከ ዛሬ ሲነሣ፣ በማግሥቱ በሩን የፈተገውን ሰው ስም የሚያነሣ አላገኘንም።

ይህ ነገር እኛንም ይነካናል። ባለፈው ዓመት ታላላቆቻችን ከለር ዴይ ሲያከብሩ፣ የረጩት ቀለም በመንገድ ዳር በቆሎ በሚጠብሱ አንዲት እናት ነጠላ ላይ ዐረፈ። እኛም ቆመን ስቀናል። ነጠላው የክት ይሁን የዘወትር አልጠየቅንም።

ዘንድሮ ተራው የእኛ ነው። ደስታ ይቅር አንልም። በወለጋ ደስታ በሆነበት ቤት በቅቤ የበሰለ ቡና ቀላ ይቀርባል፤ የተቀመጠ ሁሉ ይቀምሳል። እንዲህ ያለው ደስታ ለጎረቤት ይደርሳል እንጂ በጎረቤት ላይ አያርፍም። ስለዚህ በሸሚዛችን ላይ እንፈራረማለን፤ ቀለሙ ግን ከግቢያችን አጥር አይወጣም። ለእናታችንም ነጠላ መግዣ ከየኪሳችን አዋጥተናል።

በአገራችን የተማረን ሰው «ቀለም የቀመሰ» ይሉታል። እኛም ቀለም መቅመሳችን በሥራችን ይታወቅ እንጂ በሰው ደጃፍና ልብስ ላይ አይታይ።