የቁራጭ ግንድ አጸዳደቅ በደረቅ አየር



ድሬዳዋን በመሰለ ቆላማ ከተማ፣ ውሃ በጀሪካን ተለክቶ በሚገባበት ግቢ፣ ለአንድ የወይን ቁራጭ የሚፈሰው እያንዳንዱ ጣሳ ከቤተሰቡ መጠጥና እጥበት የተቀነሰ ነው። ስለዚህ ቁራጩ ሳይጸድቅ ሲቀር የሚጠፋው እንጨቱ ብቻ አይደለም። ይልቁንም ቤት ሊፈርስ፣ ግቢ ሊለቀቅ ሲል፣ ወላጆች የተከሉትን የወይን ሐረግ ይዞ ለመሄድ ያለው መንገድ ይኸው ነው፤ ከፍሬው የሚበቅለው ችግኝ የእናቱን ጣዕም አይጠብቅምና።

ቅርንጫፍ ከእናቱ ሲለይ የሚጠጣበት ሥር የለውም፤ ቅጠሉ ግን ውሃ ማትነኑን አያቋርጥም። አየሩ በደረቀ መጠን ጥማቱ ይፈጥናል። ይህን ያየ ሰው አፈሩን ያጨቀያል፤ በዚህም አየር ያጣው የታችኛው ጫፍ ይበሰብሳል። ቁራጩ ከላይ በጥም፣ ከታች በውሃ ብዛት ይሞታል ማለት ነው።

ለወይን የሚመረጠው የአንድ ዓመት ዕድሜ ያለው፣ እርሳስ የሚያህል፣ ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር የሚረዝምና 3 ወይም 4 አንጓ ያለው ግንድ ነው። የታችኛው ጫፍ ከአንጓው ሥር ቀጥ ተደርጎ፣ የላይኛው ሰያፍ ሆኖ ይቆረጣል፤ ይኸውም ሲተከል ላዩና ታቹ እንዳይምታታ ነው። ቅጠሉ ሁሉ ይወገድና ሁለቱ አንጓዎች በታጠበ የወንዝ አሸዋ ውስጥ ይቀበራሉ።

ብዙዎች የሚታለሉት ከዚህ በኋላ ነው። ቁራጩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለጋ ቅጠል ያወጣል፤ ባለቤቱም ጸደቀ ብሎ ደስ ይለዋል፣ ወደ ፀሐይም ያወጣዋል። ሆኖም ያ ቅጠል የበቀለው ግንዱ ካጠራቀመው ስንቅ እንጂ ከሥር አይደለም። ስንቁ ሲያልቅ ቅጠሉ በአንድ ቀትር ይጠወልጋል። እንግዲያውስ ቢያንስ ከአንድ ወር በላይ በጥላ ሥር መታገሥ፣ ከዚያም በቀስታ ሳብ አድርጎ መፈተን ይገባል፤ ሥር የያዘ ቁራጭ እጅን ይቃወማል።

ውሃን ለመቆጠብ የሸክላ ዕቃ የሚሰጠውን ያህል አገልግሎት የሚሰጥ ጥቂት ነው። ያልተሟሸ ትንሽ ገንቦ አሸዋ በያዘ ሰፊ የሸክላ ማሰሮ መካከል ይቀመጥና ውሃ ይሞላል፤ ቁራጮቹም በዙሪያው ይተከላሉ። ገንቦው አሸዋው በደረቀ ልክ ያልበዋል፤ ሲርስም ይቀንሳል። የሰፊው ማሰሮ ታች ግን መቀደዱ ግዴታ ነው። የተሟሸ ገንቦ ቀዳዳዎቹ ስለ ተደፈኑ ለዚህ አይሆንም። እንደ ጥብስ ቅጠል ያለ ቅጠሉ የማይራገፍ ተክል ሲሆን፣ ከላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ይደፋበታል።

በ1935 (እ.ኤ.አ.) ኬኔት ቲማንና ጆሴፍ ኬፍሊ ሥር የሚያበቅለውን ንጥረ ነገር ማንነት ለይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ዱቄቶች ለአስቸጋሪ ተክሎች ይረዳሉ፣ ወይን ግን ያለ እነርሱ ይጸድቃል። የትግራይ ቁልቋል በለስ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው፤ ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ በጥላ ከርሞ ነው የሚተከለው።

ሥር የያዘው ችግኝ ላስቲኩ በአንድ ጊዜ አይገፈፍለትም፤ መጀመሪያ ማታ ማታ፣ ቀጥሎ ጠዋት፣ በመጨረሻ ቀትር ላይ ይገለጥለታል።