ባቡር የሚያድርባት አዋሽ

የዛሬው ቃላችን «ማደሪያ ጣቢያ» ነው። አዎ፣ ባቡር የሚያድርበት ጣቢያ!

እስቲ አገር አቋራጭ አውቶቡስን አስቡት። ሲመሽ አንዲት ከተማ ላይ ይቆማል። ተሳፋሪው ወርዶ እራት ይበላል፣ አልጋ ይይዛል። ሲነጋ ጉዞው ይቀጥላል። ለዚያች ከተማ ገበያዋ ያ አዳር ነው።

አዋሽም እንዲሁ ነበረች። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ያኔ ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበር። አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድር ነበር። አዋሽ ማደሪያ ጣቢያ ሆነች ማለት ነው። ለመንገደኛውም ጣቢያው አጠገብ ምግብና አልጋ ያለው ቡፌ ተከፈተ።

ኋላ ፈጣን ባቡሮች መጡ፤ ማደር ቀረ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ ሰፋ ያለ የራሱ ሐዲድ አለው፤ በአሮጌው ላይ መሄድ አይችልም። አሮጌው ማደሪያ ጣቢያም ጸጥ አለ። ቡፌው ግን ባቡሩ ከቀረም በኋላ እንግዳ ማሳደሩን አልተወም።